ሳይጎድል መካፈል፦ አንድ አንቴናና ብዙ ስካነሮች

በአንድ ጣሪያ ላይ የተተከለ አንቴና ሦስት ወይም አራት ስካነሮችን ሲያገለግል፣ ስካነሮቹ በትክክል ምን እንደሚካፈሉ መናገር ከሚታሰበው በላይ ያስቸግራል። ስካነር ብዙ ፍሪኩዌንሲዎችን በየተራ እየፈተሸ ንግግር ያገኘበት ላይ የሚቆም የራዲዮ መቀበያ ነው። አንዱ የአውሮፕላኖችን መገናኛ፣ ሁለተኛው የመርከቦችን፣ ሦስተኛው የባቡር ሠራተኞችን ሲቃኝ፣ ሁሉም የሚያዳምጡት በአንድ ዘንግ ተይዞ በአንድ ኬብል የወረደውን ነው። ሞገዱ አየር ላይ ሳለ ለሁሉም ሙሉ ነው። ኬብል ውስጥ ከገባ በኋላ ግን በዋት ይለካል፣ ለሁለት ሲሰጥም ይገመሳል። ከጣሪያው እስከ ጠረጴዛው ያለው መንገድ ጥቂት ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ነገር አንድነቱን ሳያጣ ለብዙዎች ሊሰጥ ይችላል ወይ የሚለው የፍልስፍናና የሃይማኖት ጥያቄ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያ ኬብል ላይ ተዘርግቶ ይገኛል።

ጥያቄውን በጥንት ዘመን አጥርቶ ያቀረበው ፕላቶን ነው። «ፓርሜኒደስ» በተባለው ድርሳኑ ውስጥ ወጣቱ ሶቅራጥስ አንድ ባሕርይ፣ ለምሳሌ ትልቅነት፣ በብዙ ትላልቅ ነገሮች ውስጥ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ሊገኝ እንደሚችል ለማስረዳት ይሞክራል። ምሳሌ አድርጎ የሚያመጣው ቀንን ነው፤ ቀን አንድ ሆኖ ሳለ በብዙ ስፍራ በአንድ ጊዜ አለ፣ ከራሱም አይለይም። ሽማግሌው ፓርሜኒደስ ምሳሌውን ይቀበልና ወዲያው ይለውጠዋል። ነገሩ በብዙ ሰዎች ላይ አንድ የመርከብ ሸራ ከመዘርጋት ጋር ይመሳሰላል ይላል። ከዚያም እያንዳንዱን ሰው የሸፈነው ሙሉው ሸራ ነው ወይስ የሸራው አንድ ክፍል ብሎ ይጠይቃል። ሶቅራጥስ ክፍሉ መሆኑን ያምናል፣ ክርክሩንም ይሸነፋል። ብዙ አንባቢዎች እንዳስተዋሉት ወጣቱ ቶሎ እጁን ሰጥቷል። ቀን እንደ ሸራ የሚቆረጥ ነገር አይደለምና ሽማግሌው የለወጠው ምሳሌውን ብቻ ሳይሆን የሚካፈለውን ነገር ዓይነት ጭምር ነው።

አውግስጢኖስ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስለ ነጻ ፈቃድ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ልዩነት በስሜት ሕዋሳት በኩል ይደርስበታል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከፕላቶን ይልቅ የሚረዳውም እሱ ነው። ከወዳጁ ከኤቮድዮስ ጋር ሲነጋገር የሚቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች አንድን ምግብ ሊቀምሱ ይችላሉ፤ አንዱ የጎረሰውን ግን ሌላው አይጎርሰውም። ሽታም እንደዚያው ነው፣ አንዱ የሳበውን አየር ሌላው አይስበውም። በመዳሰስ ደግሞ አንዱን ቦታ ሁለቱም ሊነኩት ይችላሉ፣ በተራ ግን ነው። ማየትና መስማት ከእነዚህ ይለያሉ፤ የተነገረው ቃል በሁለቱም ጆሮ ሙሉውን ይገባል፣ ግማሹ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው አይደርስም። አውግስጢኖስ በዚህ በኩል የሚሄደው እውነት የማንም የግል ንብረት አለመሆኗን ለማሳየት ነው። ማንም ሲያገኛት ከሌላው ድርሻ አይነካም፤ ለሁሉም በጋራ የቀረበች ናት።

ራዲዮ ይህን ሐሳብ በኤሌክትሪክ የሚያረጋግጥ ይመስላል። ማሰራጫ ጣቢያ ስንት ሰው እንደሚሰማው ከማሽኑ ላይ ሊያነብ አይችልም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ከ1963 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ያሰራጨው የነበረው የብስራተ ወንጌል ራዲዮ አንድ አድማጭ ቤቱ ሆኖ ሲከፍተው ለጣቢያው የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ አይጨምርም፣ ሲዘጋውም አይቀንስም ነበር። ኢኮኖሚስቱ ፖል ሳሙኤልሰን በ1954 ባወጣው አጭር ጽሑፍ የአንዱ መጠቀም የሌላውን ድርሻ የማይቀንስባቸውን ነገሮች ከተራ ሸቀጥ ለይቶ በሒሳብ አስቀምጧል። የራዲዮና የቴሌቪዥን ስርጭት ከዚያ ወዲህ በኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የተለመደ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። እስከዚህ ድረስ ሶቅራጥስ አሸናፊ ነው፣ ሞገዱ ቀን ነው።

አንቴና ግን ከሚያልፈው ሞገድ ላይ ጉልበት ይወስዳል፤ ሳይወስድ ሊሰማ አይችልም። በ150 ሜጋ ኸርዝ ላይ የሚሠራ፣ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ተራ ዳይፖል አንቴና ከግማሽ ካሬ ሜትር ስፋት ላይ የሚያልፈውን ጉልበት እንደሚሰበስብ ሆኖ ይቆጠራል፤ የብረቱ ስፋት ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ከመሰብሰቡም ሌላ ይበትናል። ከኬብሉ ጋር በሚገባ የተስማማ ዳይፖል ለመቀበያው የሚያደርሰውን ያህል ጉልበት መልሶ ወደ አየር ይረጫል። ስለዚህ ሁለት አንቴናዎች በጣም ተቀራርበው ሲተከሉ አንዱ የሌላውን ድርሻ ይነካል፣ የመስሚያ አቅጣጫውንም ያዛባል። ራቅ ሲሉ ሞገዱ ጥላውን ሞልቶ ያልፋልና ጉዳቱ አይታወቅም። አንድ ጣሪያ ላይ አራት አንቴና ከመደርደር አንዱን በደንብ ሰቅሎ መካፈል የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው የቦታና የገንዘብ ነገር ስለሆነ ሐተታ አይፈልግም።

ወደ ኬብሉ ሲገባ ሸራው ይጀምራል። ኃይልን ለሁለት እኩል መክፈል ማለት ለእያንዳንዱ ግማሹን፣ በመሐንዲሶች አነጋገር በ3 ዴሲቤል ያነሰውን መስጠት ነው። ለአራት ሲከፈል ቅናሹ 6፣ ለስምንት ሲከፈል 9 ዴሲቤል ይደርሳል፤ በእውነተኛ ስፕሊተር (ማካፈያ) ውስጥ ደግሞ ከዚህ ላይ ትንሽ ይባክናል። በቲ ቅርጽ ማያያዣ ሁለት ኬብል መቀጠል ቀላሉ፣ ግን ደካማው ዘዴ ነው። እያንዳንዳቸው 50 ኦም የሆኑ ሁለት መቀበያዎች ጎን ለጎን ሲታሰሩ አንቴናው የሚያየው 25 ኦም ብቻ ነው፤ በዚህ አለመስማማት ምክንያት ከመጣው ኃይል ዘጠነኛው እጅ ወደ አንቴናው ይመለሳል፣ የቀረውን ሁለቱ ይካፈሉታል። ይህም ስካነሮቹ በእርግጥ 50 ኦም ከሆኑ ነው። በሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ የቆመ ስካነር ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ልክ ይርቃል፤ ስለዚህ አንዱ ቻናል ሲቀይር የሌላው ድርሻ ከፍ ዝቅ ይላል። ክፍፍሉ ፍትሐዊ የሚሆነው ተካፋዮቹ አንዳቸው በሌላው ላይ የሚያደርሱት ነገር ሲገታ ብቻ ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ከምሕንድስና አልፎ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ኧርነስት ዊልኪንሰን በ1960 ባሳተመው ንድፍ መሠረት በሁለቱ መውጫዎች መካከል አንድ ሬዚስተር ይገባል፤ ለ50 ኦም ሥርዓት 100 ኦም ማለት ነው። ከአንቴና የመጣው ሲግናል ሁለቱን መውጫዎች እኩል ሲደርስ በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ልዩነት ስለሌለ ምንም አይፈስበትም፣ ምንም አይበላም። ከአንዱ ስካነር ወደ ኋላ የወጣ ነገር ሲኖር ግን ግማሹን ይውጠዋል፣ ግማሹ ወደ አንቴናው ይሄዳል፣ ለጎረቤቱ የሚተርፍ በመርሕ ደረጃ አይኖርም። ስምምነት ሲኖር የሌለ ያህል ዝም የሚል፣ አለመግባባት ሲነሣ ብቻ የሚሠራ ዳኛ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ የተሻለ የሕግ ሥዕል በፍልስፍና መጻሕፍት ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ለመሆኑ ከመቀበያ ወደ ኋላ የሚወጣው ነገር ከየት ይመጣል? አድማጭ ዝምተኛ ነው የሚለው እምነት በራዲዮ ውስጥ አይሠራም። ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1918 የነደፈውና እስከ ዛሬ አብዛኞቹ ስካነሮች የሚጠቀሙበት የሱፐርሄትሮዳይን አሠራር የሚሰማው መቀበያው ውስጥ የራሱን ሞገድ በማመንጨት ነው። ከውጭ የመጣው ሲግናል ከዚህ የውስጥ ሞገድ ጋር ይቀላቀልና ወደ አንድ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል። ይህ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ 10.7 ሜጋ ኸርዝ በሆነበት ስካነር 155 ሜጋ ኸርዝን ለማዳመጥ የውስጥ ሞገዱን የሚያመነጨው ኦሲሌተር 144.3 ላይ ሊዘምር ይችላል። ያ ዜማ በኬብሉ ሽቅብ ወጥቶ ጎረቤቱ ስካነር ከደረሰና ጎረቤቱ 144.3 ላይ ካለፈ፣ ጣቢያ ያገኘ መስሎት ይቆማል። ማንም የማይናገርበት ቻናል ላይ ተገትሮ ያዳምጣል፣ የሚያዳምጠውም የሌላ አድማጭ የማዳመጥ ሥራ ነው።

የሚያዳምጥ ሁሉ ራሱን ይገልጣል የሚለው ፍርሃት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ላይ አሻራውን ጥሏል። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከ1942 ጀምሮ ሜቶክስ በተባለ መቀበያ የጠላት አውሮፕላኖችን ራዳር ያዳምጡ ነበር። በ1943 አጋማሽ መርከቦቹ በብዛት መስመጥ ሲቀጥሉ የጀርመን ባሕር ኃይል ጥፋቱን በመቀበያው ላይ ጣለ። ከራሱ ከሜቶክስ የሚወጣው ደካማ ሞገድ አውሮፕላኖቹን እየመራ ያመጣል ተብሎ አጠቃቀሙ ታገደ። እንዲህ ያለ ሞገድ መውጣቱ እውነት ነበር፤ የመስመጡ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። የጀርመን ጠላቶች የነበሩት አጋር ኃይሎች ሜቶክስ ሊሰማው ወደማይችለው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሞገድ ተሻግረዋል፣ የጀርመኖችንም ምስጢራዊ መልእክት ይፈቱ ነበር። መርከበኞቹ ከጆሯቸው የሚወጣውን ሲፈሩ ጆሯቸው የማይደርስበትን ሳይጠረጥሩ ቀሩ።

ሸራው እንደገና ቀን ሊሆን የሚችልበት መንገድ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ ሃይማኖት የቆየ መልስ አለው፣ መልሱም መብራት ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እግዚአብሔር በሙሴ ላይ ካለው መንፈስ ወስዶ በሰባ ሽማግሌዎች ላይ ያሳድራል። ታሪኩ ተርጓሚዎችን ወዲያው አስጨንቋቸዋል፤ ከሙሴ ተወስዶ ከተሰጠ የሙሴ ጎደለ ማለት ነውና። የእስክንድርያው አይሁዳዊ ፊሎን መንፈሱ ተቆርጦ አልተከፈለም፣ ከአንድ እሳት ብዙ ችቦ ቢለኮስ የመጀመሪያው እንዳለ እንደሚኖር ነው ብሎ መለሰ። የአይሁድ መምህራን መብራትን ከመብራት በመለኮስ ተመሳሳዩን አስተማሩ። ሰማዕቱ ዮስጦስ በሁለተኛው መቶ ዓመት ይህንኑ ምሳሌ ወደ ቃል ልደት አዞረው፣ በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም ወልድን ከአብ ጋር ለማገናኘት የብርሃንን ቃል መረጡ። ለክርስቲያን ሥነ መለኮት ምሳሌው አስፈላጊ የነበረው መስጠትና መጉደል የግድ አብረው እንደማይሄዱ ስለሚያሳይ ነው።

መሐንዲስ ይህን ሲሰማ ስለ ዘይቱ ይጠይቃል። ሁለተኛው መብራት የሚነደው ከመጀመሪያው በተወሰደ ዘይት አይደለም፣ የራሱን ይዞ ስለቀረበ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ይህን አስታውሶታል። አሥሩ ቆነጃጅት ሙሽራውን ሲጠብቁ ልባሞቹ አምስቱ ለሰነፎቹ ዘይት አላካፈሉም፣ ለሁላችንም አይበቃም ብለው ወደ ሻጮች ላኳቸው። ክፍሉ ሲነበብ ብዙ ምእመናን ልባሞቹ ጨከኑ ወይ ብለው ይቸገራሉ። ነበልባልና ዘይት ሁለት ዓይነት ነገሮች መሆናቸውን ላስተዋለ ግን ችግሩ ይቀላል፤ ነበልባል ሳይጎድል ይካፈላል፣ ዘይት ሲካፈል ይጎድላል። ፊሎንና ዮስጦስ ስለ ነበልባሉ እየተናገሩ ስለነበር አልተሳሳቱም። ምሳሌያቸው ሙሉ የሚሆነው ግን ተቀባዩ ባዶ እጁን እንዳልመጣ ሲታወቅ ነው።

መልቲካፕለር የሚባለው መሣሪያ በትክክል ይህ መብራት ነው። ከአንቴናው የመጣውን በአምፕሊፋየር ካጎላ በኋላ ለአራት፣ ለስምንት ወይም ለአሥራ ስድስት መውጫ ያከፋፍላል። ለእያንዳንዱ ስካነር የሚደርሰው ኃይል አንቴናው ከያዘው ሊበልጥ ይችላል፤ ተጨማሪው ከአየር አልመጣም፣ ግድግዳው ላይ ከተሰካው ኤሌክትሪክ ነው። አምፕሊፋየሩ ከአንቴናው የሚወስደው ቅርጹን ነው፣ ጉልበቱን ከራሱ ዘይት ይጨምራል።

ዘይቱ የሚጨመርበት ቦታ ግን ወሳኝ ነው። ሃራልድ ፍሪስ በ1944 ያሳተመው ቀመር በሰንሰለት የተያያዙ መሣሪያዎች ውስጥ የመጀመሪያው ጫጫታ ከሁሉ በላይ እንደሚከብድ ያሳያል። ለምሳሌ ስካነሩ የራሱ 8 ዴሲቤል የጫጫታ መጠን ቢኖረው፣ አራት መንገድ ስፕሊተሩ 7 ዴሲቤል ቢያጠፋ፣ አምፕሊፋየሩ 15 ዴሲቤል ቢያጎላና 3 ዴሲቤል ጫጫታ ቢጨምር እንበል። ከከፈሉ በኋላ በየመውጫው አንድ አንድ አምፕሊፋየር ቢቀጠል የጠቅላላው ጫጫታ ወደ 10.4 ዴሲቤል ይደርሳል። አንዱን ብቻ ከስፕሊተሩ በፊት ማስቀመጥ ግን ወደ 4.7 ያወርደዋል፤ ስካነሩ ብቻውን በቀጥታ ከአንቴናው ጋር ቢታሰር ከሚኖረው 8 እንኳ ያነሰ ነው። አራት አምፕሊፋየር ገዝቶ የከፋ ውጤት ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። ከጎደለ በኋላ የሚጨመር ዘይት የጎደለውንም፣ በመጉደል ጊዜ የተደባለቀውንም ጫጫታ አብሮ ያጎላል፤ ሁለቱን መልሶ መለየት አይችልም።

የጋራ አምፕሊፋየር የጋራ አደጋም አለው። ከፊቱ የቆመ ማጣሪያ ከሌለ አንቴናው የያዘውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ ቅርብ ያለ የኤፍ ኤም ጣቢያ ከሩቅ አውሮፕላን በሚሊዮን እጥፍ ቢበረታም አይመርጥም። ሁለት ብርቱ ጣቢያዎች ከአቅሙ በላይ ሲገፉት በራሱ ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ሲግናል ይወልዳል። በ107.5 እና በ96 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያሉ ሁለት ጣቢያዎች 119 ላይ፣ ማለትም በአውሮፕላኖች መገናኛ ውስጥ፣ ሙዚቃ የቀላቀለ መንፈስ ሊያስነሡ ይችላሉ። ይህ ሐሰተኛ ድምፅ ደግሞ ለሁሉም ተካፋዮች እኩል ይታደላል። የሚገርመው፣ ብርቱዎቹ በ3 ዴሲቤል ቢዳከሙ ውላጃቸው በ9 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ስለዚህ ከተማ መሐል ብዙ ጊዜ የሚበጀው የበለጠ ማጉላት ሳይሆን ማጣሪያ ማስገባት፣ አልፎ አልፎም ተራ ስፕሊተር የሚያመጣውን ጉድለት በጸጋ መቀበል ነው። አምፕሊፋየር የሚሸጡ ሰዎች ይህን እምብዛም አይናገሩም።

አሁን ወደ ፓርሜኒደስ ሸራ መመለስ ይገባል፣ ምክንያቱም ሽማግሌው ያላሰበው አንድ ነገር አለ። ኃይሉ በግማሽ መቀነሱ እርግጥ ነው፤ የሚሰማው ነገር በግማሽ ይቀንሳል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ክላውድ ሻነን በ1948 እንዳሳየው በአንድ መስመር ላይ ምን ያህል መልእክት ሊያልፍ እንደሚችል የሚወስነው፣ የመስመሩ ስፋት ካልተለወጠ፣ ሲግናሉ ከጫጫታው ጋር ያለው ንጽጽር ነው፤ የሲግናሉ ብቻውን ትልቅነት አይደለም። ጫጫታው ከሲግናሉ ጋር አብሮ ከአንቴናው ከመጣ ስፕሊተሩ ሁለቱንም በእኩል ይቀንሳል፣ ንጽጽራቸውንም አይነካም።

ይህ በአጭር ሞገድ ላይ በየዕለቱ የሚታይ ነው። ካርል ጃንስኪ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከራዲዮው ውስጥ የሚሰማ የማይጠፋ ፉጨት ከፍኖተ ሐሊብ እንደሚመጣ ደረሰበት። በ10 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይህ የሰማይ ጫጫታ ብቻውን መሐንዲሶች መነሻ አድርገው ከሚይዙት የሙቀት ጫጫታ በ29 ዴሲቤል ገደማ ይበልጣል። በዚያ ላይ 10 ዴሲቤል የራሱ ጫጫታ ያለውን መቀበያ በአራት መንገድ ስፕሊተር በኩል ማገናኘት በመስማት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 0.2 ዴሲቤል ያህል ነው፤ የትኛውም ጆሮ አይለየውም። በ450 ሜጋ ኸርዝ ላይ ግን ሰማዩ ጸጥ ይላል። ጫጫታው በአብዛኛው ከራሱ ከመቀበያው የሚመጣ ስለሚሆን ስፕሊተሩ የወሰደው 7 ዴሲቤል ከሞላ ጎደል ሙሉ ጉዳት ነው። ያው ስፕሊተር፣ ያው ክፍፍል፣ በአንዱ ቦታ ሙሉውን ይሰጣል፣ በሌላው ይቀንሳል። ስለዚህ ሸራ ወይስ ቀን የሚለው ከሚካፈለው ነገር ብቻ አይወሰንም። ተካፋዩ ራሱ ምን ያህል ጫጫታ ይዞ እንደመጣ ይወስነዋል። አውግስጢኖስ እውነትን የጋራ ብርሃን ሲላት ለሁሉም እኩል የማትታየው በተመልካቹ ዓይን ምክንያት መሆኑን ከዚሁ በማይርቅ መንገድ ያምን ነበር።

በመርሕ ደረጃ ግን ፍጹም ቅጂ የለም። በ1982 ካርልተን ኬቭስ የሲግናልን ፌዝ (የዑደት ደረጃ) ሳያዛባ የሚያጎላ ማንኛውም አምፕሊፋየር፣ የቱን ያህል ድንቅ ቢሆን፣ የተወሰነ ትንሽ ጫጫታ ሳይጨምር ሊያጎላ እንደማይችል አሳየ። በዚያው ዓመት ዎተርስና ዙሬክ፣ ለብቻውም ዲክስ፣ ያልታወቀ የኳንተም ሁኔታን በትክክል መገልበጥ እንደማይቻል አረጋገጡ። በ150 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይህ ዝቅተኛ ዋጋ ከአንድ መቶኛ ኬልቪን በታች የሙቀት ጫጫታ ስለሆነ የክፍል ሙቀት፣ ማለትም 290 ኬልቪን፣ ውጦት ያልፋል፤ ስካነር ያለው ሰው ሊጨነቅበት አይገባም። ለጥያቄው ግን ክብደት አለው። ነበልባሉም ቢሆን ያለ አንዳች ዋጋ አይተላለፍም።

ከመጠን ሌላ ምርጫም ይካፈላል። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ አንድ ዲሽ ለሁለት ቤት ለማድረግ የሞከረ ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። የሳተላይት ሪሲቨር በኬብሉ ሽቅብ 13 ወይም 18 ቮልት እየላከ በዲሹ ላይ ያለውን መቀበያ፣ ኤል ኤን ቢውን፣ ቁም ወይም አግድም ሞገድ እንዲቀበል ያዝዘዋል። ሁለት ሪሲቨሮች በተራ ስፕሊተር አንድ መውጫ ላይ ሲገናኙ 18 የላከው ያሸንፋል፤ በሌላኛው ቤት ከቻናሎቹ ግማሾቹ ይጠፋሉ፣ ጎረቤቱ ዲሹ የተነካ ይመስለዋል። ሁለት ወይም አራት መውጫ ያለው ኤል ኤን ቢ የሚገዛው ለዚህ ነው። የስካነር አንቴና ከዚህ ጠብ ነጻ ነው፤ ምርጫው የሚደረገው ከታች በየስካነሩ ውስጥ ስለሆነ የአንዱ መምረጥ የሌላውን አይሽርም። የጋራ ንብረት ሰላም የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ተካፋዮቹ ደግ ስለሆኑ ሳይሆን መወሰን ያለበት ነገር ከመከፈሉ በፊት ስላልተወሰነ ነው።

አንድ ምርጫ ግን ከላይ፣ በአንቴናው ላይ፣ አስቀድሞ ተደርጓል፤ እሱም የተተከለበት ቦታ፣ ከፍታውና አቅጣጫው ነው። ወደ ሰሜን የዞረ ያጊ አንቴና ከደቡብ የሚመጣውን ለሁሉም ስካነሮች ያዳክማል። ከኮረብታ ጀርባ ያለ ጣቢያ ለአንዱ ካልተሰማ ለሌሎቹም አይሰማም። በአንድ አንቴና የሚያዳምጡ ሁሉ መስማታቸውን ብቻ ሳይሆን መደንቆራቸውንም ይካፈላሉ፤ ሁሉም እኩል ስለደነቆሩ ደግሞ ከመካከላቸው ጉድለቱን የሚነግር አይገኝም።

ከዚህ የሚከተለው ስለ ምስክርነት ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች ቃል እንዲጸና ያዝዛል። በአንድ መልቲካፕለር ላይ የተሰቀሉ አራት ስካነሮች አንድ ጥሪ ሰሙ ቢባል አራት ምስክሮች አይደሉም። አምፕሊፋየሩ የወለደው ሐሰተኛ ድምፅ ቢሆን አራቱም በአንድ አፍ ይመሰክሩለታል። መብዛታቸው የሚጨምረው የመቀበያዎቹን ስሕተት ለመለየት የሚያስችል ነገር ነው፤ ከስፕሊተሩ በላይ ስለተፈጠረው ስሕተት ምንም አይጨምርም። የአንድ መጽሐፍ ቅጂዎችን የሚያነጻጽሩ ሊቃውንት ከአንድ እናት ቅጂ የተገለበጡ መቶ ብራናዎችን እንደ አንድ ድምፅ የሚቆጥሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የአጭር ሞገድ መሐንዲሶች ይህን ቀድመው ተረድተዋል። ከአዮኖስፌር ተንጸባርቆ የሚመጣ ሲግናል በተለያዩ መንገዶች ስለሚደርስ በአንድ ቦታ ሲጠፋ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ ሊጎላ ይችላል። ሃሮልድ ቤቨሬጅና ሃሮልድ ፒተርሰን ለአር ሲ ኤ ኩባንያ የሠሩትና በ1931 የገለጹት ሥርዓት በኒው ዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ፣ ሪቨርሄድ፣ ሦስት አንቴናዎችን አራርቆ ለእያንዳንዱ የራሱን መቀበያ ሰጠ፣ ውጤታቸውንም መጨረሻ ላይ አጣመረ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይይዝ ነበር፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ የሚደክሙበት አጋጣሚ ጥቂት ነበር። እዚያ አንድ መልእክት ለብዙ መቀበያ አልተከፈለም፤ ብዙ አንቴናዎች አንድ መልእክት አደረሱ። የትኛውም ስፕሊተር፣ የትኛውም አምፕሊፋየር በአንድ አንቴና ላይ ይህን ሊሠራ አይችልም።